መዝሙሩ ከፍ ሲል አስል ነበር

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ዛሬ ዕድል ተሰጥቶኛልና ስሙ ይባረክ! ማይክሮፎኑን ስቀበል የአንዳንዶቻችሁ ዓይን ወደ ሰዓት ሲሄድ አይቻለሁ። እውነታችሁን ነው፤ ባለፈው እዚሁ ቆሜ ከሰባኪው በላይ ተናግሬያለሁ። ዛሬ ግን የመጣሁት ሌላ ምስክርነት ልጨምርላችሁ ብቻ አይደለም፤ ያኔ የሰጠኋችሁን ልወስድባችሁ ነው። እልል ያላችሁበትን። አዎ፣ እሱኑ! ከዚያ በኋላ ያገኘኝ ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ለማታውቁኝ፣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበርኩ። የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ ስመላለስ ኖርኩ። መኪናዬ ፍሬን ነበራት፤ እኔ አልነበረኝም። መንገዱ ሲዘጋ ቃሊቲ ቁጭ አልኩና አረቄ ቤት ተቀጠርኩ ማለት ይቻላል፤ አንድም ቀን አርፍጄ አላውቅም። ባለቤቴ እታገኝ ቀድማኝ ጌታን አግኝታ ነበርና እሑድ እሑድ "ተነስ አብረን እንሂድ" ስትለኝ፣ "እኔ ከገባሁ ጣሪያው ይወርዳል፤ ሰው አታስጨርሺ" እላት ነበር። ስንት ዓመት ታገሠችኝ! ጌታ ይባርካት!

ከዚያ ሳል ያዘኝ። ሳሉን ናቅሁት፤ አንድ ቀን ግን መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። በዚያው ቀን ሁለት ቦታ ሮጥኩ፤ ጠዋት ጤና ጣቢያ፣ ከሰዓት እዚህ እናንተ ጋ።

ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ቀጭን ናት፤ ቁጣዋ ግን ወፍራም ነው። አክታዬን አስመርምራ፣ "አባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ወረርሽኝ ሆኖ በየሰፈሩ ገብቷል። መድኃኒቱ ያድናል፤ ግን ስምንት ወር ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። እስክነግርዎት ድረስ ለብቻዎ ይተኙ፤ መስኮቱ ክፍት ይሁን፤ ሰው የተሰበሰበበት አይሂዱ" አለችኝ።

"ለቅሶስ?"

"ለቅሶም።"

"ሰርግስ?"

"አባት፣ ሊድኑ ነው የመጡት ወይስ ሊጋበዙ?"

"እሺ" ብዬ ወጣሁ። በዚያው ከሰዓት እዚህ መጥቼ፣ ሕዝብ መካከል ተቀምጬ፣ እጄን አንሥቼ ጌታን ተቀበልኩ። ለብቻ መሆን ለሌላ ሰው የተባለ መስሎኝ ነበር። ፓስተራችን ጸለየልኝ። ኪኒኑንም በየቀኑ እየሄድኩ ዋጥኩ። በአንድ ወር ተኩል ሳሉ ጠፋ፤ ሱሪዬ በቀበቶ መያዝ ቀረለት። ጌታ ይመስገን! ለፓስተር ስነግረው፣ "ጋሼ፣ ክብር ለጌታ ይሁን! መጀመሪያ ሐኪሞቹ ይዩዎት፣ መድኃኒቱንም ይጨርሱ፣ ከዚያ ይመሰክራሉ" አለኝ።

እኔ የትራፊክ መብራት ያላስቆመኝ ሰው ፓስተር ያስቆመኛል? በሚቀጥለው እሑድ ዘልዬ ማይክሮፎን ያዝኩ። "ተፈውሻለሁ! ኪኒኑንም ጥዬዋለሁ!" አልኩ። እናንተም ተነሥታችሁ እልልታውን አቀለጣችሁት። በሕይወቴ እንደዚያ የተጨበጨበልኝ ቀን የለም። በዚህ ላይ ደግሞ "ይህ የተፈወሰ አባት በር ላይ ይቁም" ብላችሁ አስተናጋጅ አደረጋችሁኝ። የምገባውንም የምወጣውንም አገላብጬ መሳም ሆነ ሥራዬ።

ለኪኒኑ መሄድ ሳቆም ሲስተር ሴት ልካ አስፈለገችኝ። ባለቤቴን "ናዝሬት ሄዷል በያት" አልኳት። እታገኝ ደግሞ መዋሸት አትችልም፤ "መጋረጃው ኋላ ቆሟል" አለቻት። ወጣሁና ለመልእክተኛዋ ስብከት ጀመርኩ። "ተፈውሼ የለም እንዴ!" አልኳት። "እንግዲያው አክታ ይስጡንና እኛም አብረን ደስ ይበለን" አለችኝ። "እምነት አይመረመርም" ብዬ መለስኳት። እንዴት ያለ ጎበዝ ሰባኪ ነበርኩ!

ኪኒኑን በጣልኩ በሦስተኛው ወር ሳሉ ተመለሰ።

ወገኖቼ፣ ያን ጠዋት አልረሳውም። ፊቴን እየታጠብኩ አንድ ጊዜ ሳልኩ፤ ደነገጥኩ። ሁለተኛ ሳልኩ፤ "ብርድ ነው" አልኩ። ሦስተኛው ላይ አወቅሁት። ሳሉን እንደ ድሮ ባልደረባ በድምፁ ለየሁት። ታዲያ የት ልሂድ? የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የምትሠራው የኛው እኅት ናት፤ እልል ካሉት አንዷ። እዚያ በር ላይ ብታየኝ ምን እላታለሁ? የገዛ ምስክርነቴ በር ቆልፎብኝ ተቀመጠ።

ስለዚህ ሳልን መደበቅ ተማርኩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዝም እላለሁ፤ ኪቦርዱና ከበሮው ሲጋጋል፣ መዝሙሩ ከፍ ሲል፣ ያን ጊዜ አንገቴን ደፍቼ የልቤን እስላለሁ። እንባዬ ይወርዳል። አንድ ወንድም መንፈስ የነካኝ መስሎት ትከሻዬን አቅፎ "ጨምርለት ጌታ ሆይ!" አለ። ጨመረልኝ፤ ሳሉን። አትሳቁ! እሺ ሳቁ፣ ግን ትንሽ ብቻ።

አሁን ግን ሳቁ የሚያልቅበት ቦታ ደረስኩ።

እናቷ ዓረብ አገር ስለሆነች የልጄን ልጅ ሜሮንን የምናሳድገው እኛ ነን። ስድስት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ የምትተኛው እኔ ጉያ ውስጥ ነበር። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ስስል የሰማችኝ እሷ ብቻ ነበረች። "ሜሪዬ፣ ይህን ለእማማ አትንገሪ፤ የኔና ያንቺ ምስጢር ነው" አልኳት። ልጅ ምስጢር ሲሰጡት እንዴት ደስ እንደሚለው ታውቃላችሁ። ጠበቀችልኝ።

ከዚያ ሜሪ መብላት ተወች። ቀሚሷ ከትከሻዋ መንሸራተት ጀመረ። ትኩሳቱ ሄደ ሲባል ይመጣል። እታገኝ "ዛሬ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን፤ አንተም ትሄዳለህ" አለችኝ፤ ፊቷን ሳየው እምቢ ማለት አቃተኝ።

ያችው ሲስተር ናት። አወቀችኝ፤ ግን ቀድማ ልጅቷን አየቻት፣ መዘነቻት፣ ደረቷን ራጅ አስነሣቻት። ከዚያ፣ "ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?" አለች።

"የለም" አልኩ። ምስክሩ! በር ላይ የሚቆመው! "የለም" አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ ሳል ያዘኝ። ጠረጴዛውን ይዤ ጎበጥኩ።

ሜሪ ሲስተርን ቀና ብላ አየችና፣ "አባባ ያስላል። ግን ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል" አለች።

እታገኝ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን አንሥታ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሚስቴ፣ አረቄ ስጠጣ ያልራቀችኝ ሚስቴ፣ አንድ ወንበር ራቀችኝ። ወገኖች፣ እኔ አሰብ በረሃ መሐል ጎማ ፈንድቶብኝ እንደዚያ አልደነገጥኩም።

ሲስተር ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ ተናገረች፤ ቁጣዋን ፈለግሁት አጣሁት። "አባት፣ አቋርጠውት ተመልሷል። ልጅቷንም ይዟታል። እሷ በስድስት ወር ትድናለች። እርስዎ ስምንቱን ወር እንደ አዲስ ይጀምራሉ፤ ለመጀመሪያው ሁለት ወር በየቀኑ መርፌም አለብዎት። አክታዎ ንጹሕ ነው እስክል ድረስ ለብቻዎ ክፍል ይሆናሉ። ልጅቷ አትገባም። ቤተ ክርስቲያንም አይሄዱም። አሁንስ ሰሙኝ?"

"ሰማሁ።"

ከቤታችን ጋር ግድግዳ የሚጋራው፣ የመኪና ዕቃ የማስቀምጥበት ክፍል መኖሪያዬ ሆነ። ጎማ አጠገብ አልጋ፣ አልጋ አጠገብ እኔ፤ ሁላችንም አገልግለን የወጣን። መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሆነ ፊት ለፊት ያለው የሸምሱ ሱቅ ይታየኛል። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ በየቀኑ ወዲያ ማዶ ርቆ ቆሞ ይጠይቀኛል።

"ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?"

"አለሁ ሸምሱ። ሳንባዬ ትንሽ…"

"ሳንባዎ ነው የታመመው ወይስ ምላስዎ?"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ተፈወስኩ ብለው ሱቄ ድረስ መጥተው አልነገሩኝም? እኔ እኮ ከልቤ አልሐምዱሊላህ ብዬልዎት ነበር! አሁን እሱን ምን ላድርገው?"

"አስቀምጥልኝ፣ ያስፈልገኛል" አልኩት። ሳቀ። "አላህ ያሽርዎት" ብሎ ብርቱካን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ከጎኔ ያለው ግድግዳ ማዶ ሜሪ ናት። ኪኒኑ ይመራታል። እታገኝ ፈጭታ በማንኪያ ስትሰጣት ልጅቷ ትተፋዋለች፣ ታለቅሳለች፤ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። መግባት አልችልም። እኔ ባመጣሁት፣ እኔ ሄጄ ላባብላት አልችልም። በአራተኛው ቀን አልቻልኩም፤ ግድግዳውን መታሁት።

"ሜሪዬ! እኔም የኔን ልውጥ ነው። አብረን እንዋጥ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!"

ለቅሶዋ ቆመ። ከዚያ፣ "አባባ፣ ዋጥከው?"

"ዋጥኩት።"

"አትዋሽም?"

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ ብዙ ሰባኪ ሰምቻለሁ። ማንም እንደዚያች ልጅ አልሰበከኝም። ጎማው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። "ጌታ ሆይ፣ እስከ ዛሬ የመጣሁልህ ለሳንባዬ ነበር። ከዚያ ደግሞ ለጭብጨባው። ስምህን ይዤ ዋሸሁ። ከእንግዲህ ለእኔ ፈውስ አልለምንህም፤ ሐኪሞቹ የሚሉኝን እንድሰማ ልብ ስጠኝ፤ ልጅቷን አትርፍልኝ፤ እኔን ደግሞ እውነተኛ ሰው አድርገኝ" አልኩት። እዚህ እጄን ባነሣሁ ቀን አይደለም፤ እዚያ፣ የመኪና ዕቃ መካከል ነው ጌታን የተቀበልኩት። ስሙ ይባረክ! ሃሌ ሉያ!

ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ ግድግዳውን እየመታን አብረን ዋጥን። አልተፋችም። ሁለተኛው ወር ሲያልቅ ሲስተር የአክታ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበችና፣ "ንጹሕ ነው። ይውጡ። መድኃኒቱን ግን…" ስትለኝ፣ "እስከ መጨረሻው!" ብዬ እኔ ጨረስኩላት። ሜሪ ያን ቀን ግቢ ውስጥ ቆማ ጠበቀችኝ። ተንበርክኬ፣ "ይቅር በይኝ ልጄ፤ ምስጢር አስጠበቅሁሽ" አልኳት። አሰበችና፣ "አሁን ለሰው ልንገር?" አለችኝ። "ንገሪ" አልኳት። በር ከፍታ ወጥታ፣ "አባባ ቲቢ ነበረበት! እኔም ነበረብኝ!" ብላ ለመንገዱ ሁሉ ጮኸች። ሸምሱ ከሱቁ ሆኖ አጨበጨበ።

የእሷ መድኃኒት ባለፈው ወር አለቀ። ጉንጯ ሞልቷል። ክብር ለጌታ! የኔ አንድ ወር ይቀረዋል፤ ስለዚህ "ተፈወስኩ" አልላችሁም፤ "እየዳንኩ ነው" እላችኋለሁ፤ የቀረውን ሲስተር ትናገራለች።

ገና ክፍሉ ውስጥ ሳለሁ ለፓስተር ልኬ ነግሬው ነበር። እሱም ስም ሳይጠራ፣ "አንድ ሰው ታሞብናል፤ ሁለት ሳምንት ያሳለው ሁሉ ሄዶ ይመርመር" ብሎ አስታውቋችኋል። ማን ይሆን ብላችሁ ተንሾካሹካችኋል። እኔ ነኝ። በር ላይ አገላብጬ የሳምኳችሁ እኔ ነኝ። ማንን እንደነካሁ አላውቅም፤ ያ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ። ይቅር በሉኝ።

ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ፤ የሚያስለው ሰው ካለ አብሮኝ ይሂድ። ጸሎቱንም ኪኒኑንም የሚያውቅ አንድ ጌታ ነው፤ በእርሱ ታመኑ። ሲስተርን አትፍሩ፤ የቁጣዋን ድርሻ እኔ ጨርሼዋለሁ።

አሁን ስናገር ከኋላ በኩል፣ ከዓምዱ ጎን፣ አንድ ሰው እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሳሉን ሲያፍን ሰምቻለሁ። ዞራችሁ አትዩት። ወንድሜ፣ ያንን ድምፅ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። መዝሙር እስኪጀመር አትጠብቅ። ሳል።