የአስራ አንደኛ ክፍል ባዮሎጂ

ናቹራል የመረጠችው ልጄ ዛሬ አዲሱን የባዮሎጂ መጽሐፏን ስትገልጥ፣ የወረቀቱ ሽታ ቁስቋም ወዳለው የልጅነት ቤታችን ወሰደኝ።

እኔ የምወደው ታሪክ ስለነበር ሶሻል ልገባ ነበር። እማዬ ግን ጎኗን ያማት ነበር። ጠበሉም ኪኒኑም አላሻላትም፤ ምን እንደያዛት በቅጡ የነገራትም የለም። ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በሻሽ ጠቅልላ ጎኗ ላይ እንደያዘች፣

«ናቹራል ግቢ» አለችኝ። «ዶክተር እስክትሆኚማ አልቆይም። ባዮሎጂውን ስትጀምሪ ምን እንደያዘኝ ትነግሪኛለሽ።»

የቸኮለች ነበር የመሰለኝ።

ገባሁ። መጽሐፉ የተሰጠን ቀን እማዬ አንድ በአንድ አስገልጣኝ፣ የሰው ሆድ ዕቃ የተሳለበት ገጽ ላይ አስቆመችኝ። አንድ እጇን ጎኗ ላይ፣ የሌላውን ጣት ሥዕሉ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነው። ምን ሆኖ ነው?»

«ገና አልደረስንበትም፣ እማዬ።»

«አይዞሽ፣ ትደርሱበታላችሁ» አለች፣ እኔኑ እያጽናናች።

እዚያ ምዕራፍ ስንደርስ እኔ ጥቁር ለብሼ ነበር።

አሁን ልጄ ያንኑ ሥዕል አልፋ ልትገልጥ ስትል ሳላስበው ገጹን በእጄ ያዝኩባት።

«ገና አልደረስንበትም እኮ፣ እማ» አለችኝ።