የብርቱካን ኩባያ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም፣ ለፓስተሬም። ዛሬ ግን አፌ አልያዝ ብሎኛል።

የኮሮና የመጀመሪያው ዓመት ነው። ታናሽ ወንድሜ ታምራት፣ እዚሁ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ልብስ የምትሰፋ ብርቱካን የምትባል የአገራችንን ልጅ ሊያገባ ተነሣ። ዘሯን ማጣራት የእኔ የታላቁ ሥራ ሆነ። በእኛ በኩል ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ጋር አይጋቡም፤ ከአንድ ዕቃም አይጠጡም።

እንቅስቃሴ ስለታገደ ዛንድስፕሩት ሰፈር ባለችው ስፓዛዬ፣ ትንሿ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ አገር ቤት እደውላለሁ። አያት፣ ቅድመ አያት እያልኩ ስወርድ ደስታዬ ሌላ ነበር። እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት፣ ሳይንቲስት የሆንኩ መሰለኝ። ደግሞ እኮ ደንበኛዬ የሆኑ አሮጊት የዚህን አገር የድሮ ጉድ ነግረውኛል። የያኔው የነጭ መንግሥት ሠራተኞች በሰው ጸጉር ውስጥ እርሳስ እየሻጡ ዘር ይለዩ ነበር፤ እርሳሱ ከወደቀ ከፍ ካለው ዘር፣ ተይዞ ከቀረ ከጥቁር ይመድባሉ። የወንድማቸው እርሳስ ወደቀ፣ የእሳቸው ቀረ፤ በዚያው ተለያዩ። አብሬያቸው አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ስልኬን አነሣሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በሦስተኛው ቀን አጎቴ የብርቱካን አያት ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ነገረኝ። ከወንበሬ ዘለልኩ። አገኘኋት! አጎቴ ሳቀ።

«ምን ያስጮህሃል? የአባትህ አያት ጡሜም ከእነሱው ናት። የሠራችው ገንቦ እኔ ቤት አለ።»

ስልኩን ዘጋሁ። የእኛን ዋጥኩ፣ የእሷን ለታምራትና ለሽማግሌዎቹ አወራሁ። የእኛ ከወጣ ልጆቼን ማን ያገባቸዋል ብዬ ነው። እኔ ነኝ ያደረግሁት። አውቄ፣ ቸኩዬ፣ ደስ እያለኝ።

እገዳው ሲላላ ብርቱካን ልትለምነኝ መጣች። ታምራትም ነበረ፤ ሁለቱም ሻይ ጠጡ። ስትነሣ የእሷን ኩባያ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ኮሮና ነው አልኳት።

«ጋሼ፣ የታምራትን ግን አልጣሉትም» አለችኝ።

ታምራት ቀና አላለም። ማስኳን አድርጋ ወጣች፤ ጋብቻውም በዚያው ቀረ።

ዛሬ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ታምራት ሌላ ልጅ አግኝቶ ዘሯን አጣራልኝ አለኝ። ያኔ እውነቱን ለመናገር ቆረጥኩ፤ እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም። ነገ እሑድ ነው። ጉባኤው ፊት ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ። የአገሬ ልማድ ነው አልልም፤ ልማዱ እኔ ነበርኩ። ብርቱካን ይቅር ባትለኝም ልክ ናት። መጀመሪያ የምጠራው ግን የጡሜን ስም ነው፤ ቅድመ አያቴ ናት እላለሁ።