በማለዳ ውሃ የለመንን ዕለት

በደርግ ዘመን፣ በነዳጅ እጥረት የተነሳ እሑድ መኪና እንዳይነዳ በተከለከለበት ወቅት፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ብስክሌት ተከራይተን ከልደታ ወደ ሰበታ እንወጣ ነበር። ጭር ያለው አስፋልት ለእኛ ብቻ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

አንድ እሑድ ገና በማለዳው፣ ኮረብታ ላይ ካለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ ወዳለች መንደር ገባንና ውሃ ለመለመን አንድ የአጥር በር ላይ ቆምን። አንዲት እናት ወጡ። ወንድሜ ለአክብሮት ባርኔጣውን አወለቀ፤ እኔም እንደ ልማዴ አፍሬ አቀረቀርኩ።

ሴትዮዋ እኛን ሲያዩ መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ ነው? ንገሩኝ፣ ከጦር ግንባር ነው የመጣችሁት?»

መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። እኛም የማንታወቅ ሰዎች፣ በማለዳ መጥተን አንገታችንን ደፍተን ቆመናል። እኔ ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ።

«እማማ፣ ውሃ ጠምቶን ነው። ልጅዎን አናውቀውም።»

«በማርያም በይ!»

«በማርያም!»

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነስተው ውሃ በጣሳ አመጡልን።

«ሥራ ፈቶች! ሰው ለውሃ እንዲህ ያቀረቅራል?» ብለው ተቆጡን። «ሁለተኛ ስትመጡ ከሩቅ እየሳቃችሁ ኑ።»

ከዚያ ወዲህ ወደ መንደሯ ስንቃረብ ወንድሜ ቀልድ ይጀምርልኝ ነበር። ቀልዱ ባያስቀኝም፣ ሰው ፊት መሳቅ ቢከብደኝም፣ አጥራቸውን እስክናልፍ ድረስ ጮክ ብዬ እስቅ ነበር።