የአጎቴ ሁለት ታኮዎች

አጎቴ መኪና ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚከፍተው ኮፈኑን አልነበረም፤ የተሳፋሪውን በር ነበር። «ውረዱ» ይላል። ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ልጅ የታቀፈች ትኑር ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ ሁሉም ይወርዳል። ወርዶም መኪናውን ተደግፎ ማውራት የለም። ቦዩን ተሻግሮ፣ ከመንገዱ ራቅ ብሎ መቆም ነው። ከዚያ አጎቴ ሁለት ታኮዎቹን ያወጣና ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ይወሽቃል። ቅርንጫፍ ይቆርጥና ሠላሳ እርምጃ ቆጥሮ መንገዱ ላይ ያኖራል፤ ሌላ ሠላሳ ቆጥሮ ደግሞ ሌላ ይጨምራል። ኮፈኑ የሚከፈተው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። አንዳንዴ ብልሽቱ የተነቀለች አንዲት ሽቦ ብቻ ትሆንና ኮፈኑ በተከፈተ በደቂቃው «ግቡ» ይለናል። ያን ጊዜ ስንት እንደምናጉረመርም አትጠይቁኝ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። የዕድሜውን ግማሽ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው ዘነበወርቅ እኛ ሰፈር ገባ። አንዲት ክሬም ቀለም ያላት አሮጌ የቤት መኪና ነበረችው። መኪናዋ ጥሩ ጠባይ የላትም። የእጅ ፍሬኗ ለስም ያህል ነው፤ ማርሽም ትተፋለች። ዳገት ላይ የሚያቆማት እነዚያ ሁለት ታኮዎች ብቻ ነበሩ። ከወይራ እንጨት በገዛ እጁ የጠረባቸው ናቸው፤ በአንድ ወገን ሳስተው በሌላው ወፍረው፣ ከጎማ ሥር ሲገቡ ንክስ አድርገው ይይዛሉ። የስንት ዓመት ግራሶና ጭቃ ጠጥተው ከሰል መስለዋል።

ሰፈሩ ፈሪ ይለው ነበር። ቤንዚን በኩፖን በሆነበት በዚያ በደርግ ዘመን ሌላው ሾፌር ቁልቁለት ሲያገኝ ሞተሩን አጥፍቶ ይንሸራተታል። አጎቴ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ። «ሞተሩ የጠፋ መኪና ፍሬኑም ግማሽ ጠፍቷል» ይል ነበር። ይህን የሚለው ቁጥብ ሰው ስላልነበረ አይደለም፤ ለእኔ ሰርግ ብሎ ሁለት ወር ሙሉ በእግሩ እየሄደ ኩፖን ያጠራቀመ ሰው ነው።

ወደ ሰርጌ ልምጣ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ቁንጅናዬን የማልጠራጠርበት ዕድሜ። ቬሎዬን ያሰፋሁት ከሦስት ሰው በተሰበሰበ ጨርቅ ቢሆንም፣ ያን ቀን በከተማው ውስጥ ከእኔ ሌላ ሙሽራ ያለ አይመስለኝም ነበር። ባሌ ከሚዜዎቹ ጋር መጥቶ፣ በር ላይ ተዘፍኖበት፣ ምሳ ተበልቶ፣ ልንወጣ ስንል በመስኮት ብቅ አልኩ። አንደኛው ሚዜ ሻንጣዬን ከመኪናው ኋላ እየጫነ ነው። አዲሱ ሻንጣዬ፣ ነጭ አንሶላዎቼን የያዘው ሻንጣ፣ እነዚያ ጥቁር ታኮዎች ላይ ሊቀመጥ!

«እነዚያን ቆሻሾች አውጣልኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ሻንጣዬን ሊያበላሹት ነው!»

«የጋሼ አይደሉም እንዴ?» አለ ሚዜው።

«ለአንድ ቀን ምን ይሆናል? አውጣቸው አልኩህ!»

ሚዜ የሙሽራን ቃል አይመልስም። አወጣቸውና ግቢው ውስጥ ካለው የውኃ በርሜል ኋላ አስቀመጣቸው። አጎቴ በዚያ ሰዓት ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ አሜን ይል ነበር። እኔም ወዲያው ረሳሁት።

የባሌ ቤተሰቦች ቤት ከ18 ማዞሪያ ከፍ ብሎ ነው፤ ጉዟችን በአብዛኛው ዳገት ነበር። በአጎቴ መኪና እኔና ባሌ ከኋላ፣ ሚዜው ከፊት ሆነን ክላክስ እያደረግን ወጣን። የቀሩት ሚዜዎች፣ ጓደኞቼና የባሌ አክስት በውይይት ተከተሉን። ውይይት የምንለው ታክሲ ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ተፋጥጦ ስለሚቀመጥበት የዘመኑን የውይይት ክበብ ይመስላል ተብሎ ስሙ ወጣለት። ልዩነቱ ታክሲው ውስጥ ሰው የልቡን ማውራቱ ነበር።

ዳገቱን አጋምሰን ሳለን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ቡልቅ አለ። አጎቴ መኪናዋን ወደ ዳር አወጣ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ማርሽ አስገባ። ከዚያ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ።

«ውረዱ።»

ባሌና ሚዜው ወረዱ። እኔ አልወረድኩም። አክስቱ አልፎን ከላይ ከቆመው ታክሲ ወርደው ነጠላቸውን እያጣፉ ሲሮጡ ደረሱ።

«ሙሽራዋን? መንገድ ላይ? ምን ሲባል!» አሉ። «በእኛ ቤት ሙሽራ የባሏን ደጅ ሳትደርስ መሬት አትረግጥም!»

በልቤ መረቅኋቸው። ያንን ቬሎ ለብሼ ቦይ ልሻገር? ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። አጎቴ ታኮዎቹን ሊያወጣ ወደ ኋላ ዞረ። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ።

የኋላው ሲከፈት ሰማሁ። ሻንጣዬ ወዲያ ወዲህ ሲባል ሰማሁ።

«ታኮዎቹስ?» አለ አጎቴ።

ሚዜው በመስኮቱ አየኝ። እኔም አየሁት።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ ሚዜው። «ቦታ ጠበበኝና አወጣኋቸው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እኔ ዝም አልኩ። ሙሽራ አትናገርም አይደል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ ስለፈልፍ የዋልኩት ሴትዮ!

አጎቴ አልተቆጣም። ከመንገዱ ዳር ሁለት ድንጋይ ፈልጎ አመጣ። ድንጋዮቹ ድቡልቡል ነበሩ፤ እያገላበጠ አያቸው፤ አልወደዳቸውም፤ ሌላ ስላልነበረ ከጎማዎቹ ሥር አስገባቸው። ከዚያ መጥቶ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተ።

«ውረጂ።»

«አትወርድም አልኩ እኮ!» አሉ አክስቱ።

«እሜቴ፣ ታኮ የለኝም» አለ አጎቴ በቀስታ። «ታኮ በሌላት መኪና ውስጥ ዳገት ላይ ሰው አላስቀምጥም። መሬት አትርገጥ ካሉ ልጆቹ ይሸከሟታል።»

ባሌና ሚዜው ተሸክመው ቦዩን አሻገሩኝ። አንዱ እግሬን አንዱ ወገቤን ይዞ፣ ቬሎዬ ፊቴ ላይ ተገልብጦ፣ ጓደኞቼ በሳቅ እየሞቱ። አጎቴ ለሰርጉ ያሰፋውን አዲስ ኮት አወለቀና ሣሩ ላይ አነጠፈው። «እዚህ ላይ አቁሟት» አለ። አክስቱም ኮት መሬት አለመሆኑን አስበው አስበው ተስማሙ።

እዚያ ኮት ላይ ቆሜ ንዴቴን ላሳያችሁ ብችል! መንገደኛው ሁሉ ቆመ። አንዷ እልል አለች። ሌላዋ «ፎቶ ሊያነሷት ነው?» ብላ ጠየቀች። ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃ ደግሞ «ይህ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው?» እያለ መጣና እኔን ሲያይ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ከሚያጨበጭቡት ጋር ተቀላቀለ። አጎቴን በልቤ ያላልኩት የለም። ፈሪ አልኩት። የሰው ሰርግ የሚያበላሽ አልኩት። ታኮዎቹን ያስወጣሁት እኔ መሆኔ ንዴቴን ጨመረው እንጂ አልቀነሰውም።

ሚዜው ለመካስ ይመስላል፣ መሐረቡን እጁ ላይ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ተጠጋ። አጎቴ ቅርንጫፍ ከሚቆርጥበት ጮኸበት።

«እጅህን አንሣ! ፊትህን ልትቀቅለው ነው? እስክትበርድ ማንም አይነካትም። ማንም ደግሞ ከቦዩ ወዲህ አይመጣም!»

ከዚያ ጀሪካን ይዞ፣ መንገዱ ላይ ቅርንጫፎቹን እያኖረ፣ ከታች ካለ ቤት ውኃ ሊለምን ወረደ። ሌላም ሕግ ነበረው፤ ዳገት ላይ ከቆመ መኪና ኋላ በትክክል በመስመሩ አይሄድም። ሁልጊዜ ዳሩን፣ ቦዩን ታክኮ ነው። ልጆች ሳለን «አጎቴን መኪናዋ ትነክሰዋለች» እያልን እንስቅበት ነበር።

ውኃውን ሞልቶ ሲመለስ አየሁት። ጀሪካኑ ከብዶት፣ ወገቡን በአንድ እጁ ይዞ፣ እንደ ልማዱ ዳር ዳሩን ይወጣል። አንድ ሃያ እርምጃ ሲቀረው ይመስለኛል፣ መኪናዋ ውስጥ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ። ማርሿን ተፋች። አንደኛው ድንጋይ ከጎማው ሥር ሾልኮ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። መኪናዋ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ የምታስብበት መስላ፣ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች።

ሁሉም አፉን ከፍቶ ቀረ። የጮህኩት እኔ ነኝ።

«ጋሼ! ጋሼ መኪናዋ!»

ኮቱን ለቅቄ ሮጥኩ። መሬቱን ረገጥኩት፤ ጭቃውንም፣ ቦዩንም። የት ልደርስ እንደነበር አላውቅም፤ መኪና በእጄ ልይዝ አልችልም። አጎቴ ቀና አለ፤ ጀሪካኑን ለቀቀ፤ ያ እምቢተኛ ወገቡ ታዘዘለትና ቦዩን ዘለለ። መኪናዋ ጀሪካኑን ጨፍልቃ አለፈች፤ ትንሽ ወርዳ ተጠማዘዘችና ቦይ ውስጥ ገብታ በጀርባዋ ባሕር ዛፍ ገጨች። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በኋላ ሄደን ስናይ ሻንጣዬ የኋላውን ወንበር መደገፊያ ጥሶ እኔ የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ ወጥቷል።

አጎቴ ጭቃውን ሳያራግፍ ወደ እኛ መጣ። በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረን። ባሌን፣ ሚዜውን፣ አክስቱን፣ ጓደኞቼን፣ በመጨረሻ እኔን።

«ሁሉም ወርዷል» አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

አክስቱ ጭቃ የጠገበ ጫማዬን አዩት፤ ፊቴን አዩት፤ ከዚያ አቅፈው ወደ ውይይቱ ወሰዱኝ። ስለ መሬት መርገጥ ከዚያ ቀን ወዲያ አንድም ቃል አልተነፈሱም። አጎቴን «ና እንጂ ግባ» ስንለው እምቢ አለ።

«ቅርንጫፉንና ድንጋዩን ሳላነሣ የት እሄዳለሁ? ሌላው ሰው በእኔ ድንጋይ ይገልበጥ? እናንተ ሂዱ፣ ድግሱ ይቀዘቅዛል።»

ሄድን። ተዘፈነ፤ ተጨፈረ። እኔም ሳቅኩ፤ ሙሽራ ነኝና። አጎቴ ግን መንገዱን ሲጠርግና መኪናውን የሚያወጣለት ሰው ሲፈልግ ውሎ ሳይመጣ ቀረ። ድግሱ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ታኮዎቹ ነበር። ያ ምስኪን ሚዜ «ታኮ አውጪው» የሚል ስም ወጣለት። ውኃ ሲያቀርብ «ታኮ አውጪው መጣ»፣ ሲጨፍር «ድንጋይ አድርጉለት፣ እንዳይንሸራተት»። እየሳቀ ይቀበላል። አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየኝም። ባሌም ተቀይሞት ነበር፤ የልጅነት ጓደኛውን። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ዝም። አፈርኩ፤ አፍሬም ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ለመልስ እናቴ ቤት ሄድን። አጎቴ ያንኑ ኮቱን ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ዘመድ ሁሉ ስጦታውን ሲያቀርብ እሱም ተነሣና በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ጭኔ ላይ አኖረልኝ።

«ቤታችሁ ዳገት ላይ ነው» አለ። «አንድ ቀን መኪና ትገዙ ይሆናል።»

ፈታሁት። ሁለቱ ታኮዎች ናቸው። በነጭ ጋዝ አጥቧቸው፣ የወይራው መልክ ወጥቶ፣ አዲስ ሆነዋል። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «በል ታኮ አውጪው፣ እነዚህንም አውጣቸው!» አለ አንዱ። ሚዜው እንደ ልማዱ ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«እሱ አይደለም» አልኩ ብድግ ብዬ። «ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ሻንጣዬ እንዳይቆሽሽ ብዬ። እሱ የጋሼ አይደሉም ወይ ብሎኝ ነበር።»

ባሌ ወደ ሚዜው ዞረ፤ እጁን ትከሻው ላይ ጣለ። እናቴ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«አውቃለሁ» አለ አጎቴ። «የኋላውን ዘግቼ ቀና ስል ዞረሽ ስታዪኝ በመስታወቱ ፊትሽን አየሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣኸኝም?» እያለቀስኩ ነበር። «ሬሳ ልትሆን ነበር እኮ!»

«መጀመሪያ ሰው ይወርዳል» አለ፤ ሌላ ጊዜ ስለ ጎማ በሚያወራበት ድምፅ። «ቁጣ ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሳያችሁ ሁላችሁም ደህና ናችሁ።»

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። እጄ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ኮቱ ላይ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አገኘሁ። የጫማዬ ተረከዝ የበሳው ነበር።