ሐረጎ ዳገት ላይ የምትፈላው መኪና

ደሴ ጋራዥ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በማዕረግ ስለተመረቅሁ ቱታ የሌሎች ሰዎች ልብስ ይመስለኝ ነበር። የጋራዡ ባለቤት ጋሼ ይማም ሞተሩ የጋለ ፒክአፕ አሳዩኝና፣ "እስኪበርድ ጠብቅና ውሃውን እይ" አሉኝ። አልጠበቅሁም። የራዲያተሩን ክዳን ስከፍተው የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ ሸሚዜ ዝገት በዝገት ሆነ፣ ክንዴም ተላጠ። ጋሼ ይማም ቅባት እየቀቡኝ፣ "ማዕረግህ ይሄ ነው?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ቱታ ለበስሁ። ትዕቢቱ ግን አልለቀቀኝም። ዋና መካኒክ ስሆንማ ባሰብኝ፤ የሚፈላ መኪና ሲመጣ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም ነበር።

እትዬ መዲና የመጡት በዚያ ዘመኔ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አሮጌ አውቶሞቢላቸውን ራሳቸው እየነዱ፣ ሦስት ነርሶችን በየጠዋቱ ከኮምቦልቻ ደሴ ሆስፒታል ያደርሳሉ። ቤታቸው የሚተዳደረው በዚህ ነው። የራዲያተሩ ፋን አልነሳ ብሏቸው ነበር። የፋኑ ሶኬት ቀልጧል። ቆርጬ ጣልሁትና ቁልፍ ሲከፈት እንዲዞር በቀጥታ ቀጠልሁት። ሁለቱም ሽቦዎች በዘይት ጠቁረው አይለዩም። በናስትሮ ጠቅልዬ፣ "አብሽሩ፣ አለቀ" አልሁ።

በማግስቱ መኪናዋ ወደ ደሴ በሚያወጣው ሐረጎ ዳገት ላይ ፈላች። የውሃውን መተላለፊያ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቴርሞስታት አወጣሁ። እንደገና ፈላች። ራዲያተሩን አስጠረግሁ። አሁንም ፈላች። ሁልጊዜ የምሞክራት ደሴ ብርድ ውስጥ አቁሜ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሙቀት መርፌዋ ንቅንቅ አትልም።

"ፋኑን አይተሃል?" አሉ ጋሼ ይማም።

"እየዞረ ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው ቴስታታው ይውረድ።"

የሞተሩን ራስ ማውረድ ማለት መኪናዋ ቢያንስ ሳምንት ትቆማለች ማለት ነው። እትዬ መዲና፣ "ሳምንት ከቆምሁ ነርሶቹ ሌላ ይይዛሉ፤ ወላሂ ያኔ አለቀልኝ" አሉ። ከማውረዴ በፊት አንድ ጠዋት አብሬያቸው ልውጣ ብዬ ኮምቦልቻ ወረድሁ።

ዳገቱ መሃል ላይ መርፌዋ ቀዩን ነካች። ቆምን። ሞተሩን አስጠፍቼ፣ ፋኑ ግን እንዲዞር ቁልፉን ከፍተው እንዲተዉት አደረግሁ። የነርሶቹ ታላቅ ሲስተር ከድጃ ሰዓቷን አይታ፣ "እትዬ መዲና፣ አይቀየሙን። መኪናዋ አርጅታለች። ከነገ ጀምሮ ሌላ እንይዛለን" አለች።

እትዬ መዲና ሄደው ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ አሉ። እኔ ሞተሩ ውስጥ አቀርቅሬ አዋቂ እመስላለሁ።

"ና እስኪ አንተ! ይሄ ነገር ሙቀቱን ፊቴ ላይ ይተፋዋል። ሥራው እንዲህ ነው?"

ሄጄ አየሁ። የሻሻቸው ጫፍ ከመኪናዋ ወደ እሳቸው ይርገበገባል። ፋኑ ከፊት ያለውን ቀዝቃዛ አየር በራዲያተሩ በኩል ወደ ውስጥ መሳብ ነበረበት፤ የኔው ፋን ግን የሞተሩን ትኩስ አየር ወደ ውጭ ይገፋል። ሽቦዎቹን አገላብጬ ቀጥዬ፣ በግልባጭ እንዲዞር አድርጌው ኖሯል። መኪናዋ ስትሮጥ ከሚገባው ነፋስ ጋር ሲታገል ከርሟል።

ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። "ሽቦ ላልቶ ነው" ብል ማንም አያውቅብኝም፤ ግን ጥፋቱ በመኪናዋ እርጅና ላይ ሊቀር ነው። አፈርሁ። "ሲስተር፣ መኪናዋ ምንም የላትም" አልሁ። "ፋኑን በግልባጩ ያሰርሁት እኔ ነኝ።"

ሲስተር ከድጃ ትንሽ አየችኝና ሳቀች። "ታዲያ መቀየር ያለብን መካኒኩን ነዋ!"

ሽቦውን አዙሬ ቀጠልሁ። ስትበርድ ውሃ ሞልተን ሳትፈላ ደሴ ገባን። ነርሶቹ አረፈዱ፤ በማግስቱም በእትዬ መዲና መኪና መጡ።

ፋን ነክታችሁ ከሆነ ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ ተስቦ ራዲያተሩ ላይ ከተለጠፈ ደህና ነው። ከተገፋ ጥፋቱ የእናንተ ነው፤ ለባለመኪናው ንገሩ።