ልጄ ብቻውን ሊነሳው የፈለገው ፎቶ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የቆላው ማሽላ እሸት ይዞ ወፍ በሚጠበቅበት ሰሞን ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ይህን ግን የመጀመሪያ ልጄ ከቤት በወጣ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ልጅ የምታሳድጉ ሰዎች እንድታነቡት ብዬ ጻፍኩት።

የምኖረው ቆቦ ነው። የውሃ ፓምፕ እጠግናለሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብና መጻፉንም፣ ሞተር መፍታቱንም የተማርኩት በራሴ ነው። ስለዚህ በልጆቼ ላይ ጥብቅ ነኝ። የመጀመሪያው ልጄ ሙሐመድ፣ እኛ ሙሔ የምንለው፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። ከእኔ ጋር ይሠራ ነበር። ይሠራ ነበር ልበል እንጂ ልቡ አብሮኝ አልነበረም።

ሐይቅ ከተማ ያገባች እህት አለችኝ። ታማ ከአልጋ መነሳት አቃታትና ልጠይቃት ስዘጋጅ ሙሔ "እኔም ልምጣ" አለኝ። ዘመድ ጠይቅ ሲባል ሰበብ የሚያበዛ ልጅ ነው። ልብ እየገዛ ነው ብዬ ደስ አለኝ። በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍረን፣ ሮቢትን፣ ወልዲያንና መርሳን አልፈን ሐይቅ ገባን።

እህቴ ዘንድ ተቀምጠን ስናበቃ ሙሔ ከአልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ እጇን ሳማትና "አክስቴ፣ አፉ በይኝ" አላት። እኛ የወሎ ሙስሊሞች ይቅር በለኝ ለማለት "አፉ በለኝ" እንላለን። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰውም፣ ሞት የቀረበው ሰውም ከዘመድ ከጎረቤቱ ጋር አፉ ይባባላል፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ እንዳይሄድ። እህቴም "አፉ ብዬሃለሁ ልጄ፣ አንተም አፉ በለኝ" አለችው። እሷም እኔም ሕመሟን አይቶ የተናገረ መሰለን። እንዲያውም በአስተዳደጌ ኮራሁ።

እንደወጣን "አባዬ፣ እዚህ ድረስ መጥተን ሐይቁን ሳናይ አንመለስም። ፎቶ መነሳት እፈልጋለሁ" አለኝ። የመመለሻው መኪና እስኪሞላ ጊዜ ስለነበረን እሺ አልኩት።

የሐይቁ ዳር ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስለሆነ እንግዳ አይጠፋውም። ፎቶ አንሺዎችም ካሜራ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። የዚያን ቀን ግን ሰፈሩ ጭር ብሎ ነበር። ውሃውም ዝም ብሏል። እኛ ራያዎች የምናውቀው ውሃ ከተራራ እያጓራ የሚወርደውን ጎርፍ ነው፤ ድምፁን ሰምተህ ከብትህን ታሸሻለህ። እንዲህ ድምፅ የሌለው ውሃ አልወደድኩትም።

አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ መጣ። ሙሔ የሚቆምበትን ቦታ አስቀድሞ ያወቀው ይመስል ነበር። ከውሃው ጥግ፣ ከአንድ ሾላ ሥር ያለ ሰፊ ድንጋይ ላይ ወጣና "እስከ ደረቴ አንሳኝ። ብቻዬን። ውሃው ከኋላዬ ይታይ። የሚታጠበውም በትልቁ ነው" አለው።

"ለማን ነው? ለእጮኛ?" አለ ፎቶ አንሺው።

"ለቤት ነው።"

"ታዲያ ፈገግ በላ። እናንተ የራያ ልጆች ጥርስ አልተሠራላችሁም እንዴ? በቀደም የመጡትም ፊታቸውን እንደ ዳኛ ቋጥረው ነው የተነሱት።"

"እነማን?" አልኩት እኔ።

"ከቆቦ የመጡ ልጆች ናቸው፣ አባት። አብረው መጥተው አብረን አንነሳም አሉ። ለየብቻ፣ ሁሉም በትልቁ። ለእናቶቻችን ነው አሉኝ።"

ሙሔ "አንተ ዝም ብለህ አንሳ" አለው።

ይህን ጊዜ ውሃውንና ሾላውን አስተዋልኩ። እግሬ ረግጦት የማያውቅ ቦታ ነው፤ ዓይኔ ግን ያውቀዋል። የት እንዳየሁት ሳስብ ዋጃ ትዝ አለኝ።

ዋጃ ላይ አንድ ክርስቲያን ወዳጅ አለኝ፤ ፓምፑን የምጠግንለት ገበሬ ነው። ልጁ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሊሻገር ጀልባ ላይ ወጥቶ ባሕር በላው። አስከሬን አልመጣም። ለቅሶ ስደርስ ወንበር ላይ ነጠላ ተነጥፎ የልጁ ፎቶ ቆሞ ነበር። እስከ ደረቱ፣ ብቻውን፣ ከኋላው ውሃ፣ ከራሱ በላይ የሾላ ቅርንጫፍ። አልቃሾቹ ፎቶውን እያዩ "ይኸው የበላህ ባሕር" ይሉ ነበር። እኔም ባሕሩ መስሎኝ ነበር። ባሕሩ አይደለም፤ ይህ ሐይቅ ነው። ያ ልጅ ከመሄዱ በፊት እዚህ መጥቶ፣ ቢቀር የሚለቀስበትን ፎቶ በራሱ እጅ አዘጋጅቶ ነው የሄደው።

ሙሔ ለአክስቱ የተናገረው ቃልም ያኔ ገባኝ። ለእሷ ሕመም አልነበረም።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ከልጄ ጎን ቆምኩ።

"አባት፣ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ልጁ ብቻዬን ነው ያለው።"

"ሰምቻለሁ። ከእኔ ጋር አንሳው፤ ካልሆነ ካሜራህን ዝጋ።"

"ማን እንዳይወስድብዎ ነው?" ብሎ ሳቀ። የሳቀ እሱ ብቻ ነው። ሙሔ አንገቱን ደፋ። ፎቶ አንሺው ተራ በተራ አየንና እያጉረመረመ ሄደ።

"መቼ ነው?" አልኩት ልጄን።

"ቀን ቆርጠናል። ደላላው አፋር፣ ሎጊያ ላይ ይጠብቀናል።"

"እናትህ ታውቃለች?"

"አታውቅም። አብሽር አባዬ፣ ስንቱ በሰላም ገብቷል።"

"ስንቱስ ቀርቷል?"

"እዚህስ ምን አለኝ? እኩዮቼ ቤት ሲሠሩ እኔ መፍቻ እያቀበልኩህ ላርጅ?"

ንግግሩ አመመኝ፤ ግን ውሸት አልነበረም። ስለ ሐላል ሥራ፣ ስለ ትዕግሥት፣ እኔ ከምንም ተነስቼ ስለ መጣሁበት መንገድ ያለኝን ሁሉ ተናገርኩ። አላቋረጠኝም፤ አልሰማኝምም። ስጨርስ ጉልበቴን ያዘና "አባዬ፣ አፉ በለኝ" አለኝ።

አፉ በለኝ የተባለ ሰው አፉ ይላል። በእኛ ዘንድ ጠላትም ጠላቱን አይከለክለውም። እኔም በዕድሜዬ ከልክዬ አላውቅም።

"አልልህም" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። "አፉ አይከለከልም እኮ፣ አባዬ።"

"እኔ ከልክያለሁ። ከሄድክ የአባትህን ሐቅ ተሸክመህ ሂድ። ጀልባው ሲያጋድል እሱን አስብ።"

ፊቱ አመድ መሰለ። በረሃውን አልፈራም፣ ባሕሩንም አልፈራም፤ ይህን ፈራ። እኔም የገዛ አፌን ፈራሁት።

ስንመለስ ወልዲያ መናኸሪያ ላይ አንድ ረዳት "ጭፍራ፣ ሎጊያ" እያለ ሲጣራ ሙሔ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ክንዱን ያዝኩት። ቆቦ እስክንገባ አለቀቅኩትም።

ጓደኞቹ በቆረጡት ቀን ሄዱ። እሱ ቀረ። ከሄዱት የሚበዙት ሳዑዲ ገብተዋል፤ ሲደውሉለት ስልኩን ይዞ ከግቢ ይወጣል፤ ሲመለስ ዓይኔን አያየኝም። የአንደኛው ድምፅ ግን እንደጠፋ ነው። እናቱ ገበያ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር "ሙሔ ስለ ልጄ የሰማው ነገር የለም?" ትለኛለች። ሙሔን ጠይቄው አላውቅም። ሰምቻለሁ እንዳይለኝ እፈራለሁ።

የመስጊዳችን ሸኽ ነገሩን ሲሰሙ ገሠጹኝ። "አፉ የለመነህን ልጅ መከልከል ባንተም ላይ ወንጀል ነው። ዛሬ ብትሞትስ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ልክ ሠርቻለሁ ብዬ አልምልም። አባቶችን የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጃችሁ ያላስለመዳችሁን ትሕትና ባሳያችሁ ቀን ከመኩራታችሁ በፊት ወዴት ሊሄድ እንደሆነ ጠይቁት።

ዒድ ሲደርስ ቤታችን ውስጥ ሁሉም አፉ ይባባላል። ልጆቼ ተራ በተራ ጉልበቴን እየሳሙ ይጠይቁኛል፤ እኔም አፉ እላቸዋለሁ። ሙሔ ተራው ሲደርስ ጉልበቴን ስሞ "ዒድ ሙባረክ፣ አባዬ" ብቻ ይለኛል። የጠየቀኝ ቀን የመሄጃው ቀን እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቃለን። እጄን ራሱ ላይ አሳርፌ ዝም እላለሁ፤ እሱም እጄን እስካነሳ ድረስ አይነሳም።