እትዬ መርፌ የተማሩት እርምጃ

እትዬ መርፌ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ወገባቸው እስከ ዛሬ ያልጎበጠ ሴት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው፤ ቅጥነታቸውን አይተው፣ ምላሳቸውንም ቀምሰው። እንዲህ ያሉ ሴት በአንድ ዓመት አምስት ጊዜ ወደቁ ቢባል ማን ያምናል? የሰፈራቸው ክሊኒክ ግን አመነ። አንዴ የረገፈ ጥርስ፣ አንዴ የተሰበረ ጎድን ይዘው ሲመጡ መልሳቸው ሁልጊዜ «ወድቄ ነው» ስለሆነ፣ አሮጊቶች እንዳይወድቁ ወደሚሠለጥኑበት ክፍል ላካቸው።

የሚጥላቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። ጢሙን አሳድጎ እናቱ ጉያ የተቀመጠ፣ ክንዱ ለሥራ ሰንፎ ለእናቱ የበረታ ጉድ! እሳቸው «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እያሉ ገመናውን ሸፈኑለት። ቢናገሩ ይታሰራል፤ የወለዱትን አሳልፎ ከመስጠት ዱላውን መረጡ።

ሥልጠናው ላይ የሚቆሙበት ሰሌዳ አለ፤ ሰውነት ወዴት እንዳዘነበለ በስክሪን ያሳያል። እትዬ መርፌ ከሁሉም በለጡ፤ አሰልጣኟ ግራ ገባት። ቀጥሎ ድንገተኛ ግፊትን የመቋቋም ልምምድ መጣ። ትከሻቸውን ገፋ ስታደርጋቸው ሌሎቹ ፈጥነው አንድ እርምጃ እየተራመዱ ቆሙ። እትዬ መርፌ ግን ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ኩርምት አሉ።

አሰልጣኟ ጎንበስ ብላ ማን እንደሚመታቸው ጠየቀቻቸው። ጣሪያው እንዳይናድባቸው ፈርተው መሆኑን በቀልድ ነግረዋት ተነሡ። ከዚያ ወዲያ ግን እልህ ያዛቸው፤ ያቺን አንዲት እርምጃ ስምንት ሳምንት ሙሉ ተለማመዷት።

አንድ ጠዋት ልጁ «ሸሚዜ አልተተኮሰም» ብሎ ደረታቸውን ገፈተራቸው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተራምደው ቆሙ። ደገመ፤ አሁንም ቆሙ። መቆማቸው አሳበደው። ወንበር አንሥቶ ክንዳቸው ላይ አሳረፈው፤ አጥንቱ ሲሰበር ራሳቸው ሰሙት። ወለሉ ላይ ተዘርግተው ሳሉ ጎናቸውን በእርግጫ ደገማቸው። ከክንዳቸው የሚፈሰውን ደም ሲያይ ደነገጠና ራሱ ወደ ክሊኒኩ ወሰዳቸው።

ነርሷ ምን እንደሆኑ ስትጠይቅ ቀድሞ የመለሰው እሱ ነበር፤ «ወድቃ ነው።» ነርሷም የለመደችውን ጻፈች።

እትዬ መርፌ ስምንት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አልወደቁም ነበር። ውሸቱን ለዓመታት የቻለው አንጀታቸው ይህችን መቻል አቃተው።

«ሰርዢው የኔ ልጅ» አሏት። «ሁለት ጊዜ ገፍቶኝ ቆሜያለሁ። በሦስተኛው በወንበር ሰበረኝ። እሱ ነው፤ ልጄ።»